ይሄማ አቤቱታ ነው

የዶክትሬት ምርምር ፕሮፖዛሌን ያነበቡት ፕሮፌሰር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ፍርድ ጠቅሻለሁ፤ ሊነሳ የሚችለውን መቃወሚያ ሁሉ አስቀድሜ ዘግቻለሁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነበር። «ጥሩ ትጽፊያለሽ። ግን ይሄማ አቤቱታ ነው። ለመሆኑ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

መልስ አላጣሁም። ሰባት ዓመት ጥብቅና የሠራ ሰው መልስ አያጣም። የእንግሊዝ የውል ሕግ አጠቃላይ የቅን ልቦና ግዴታን (ተዋዋዮች እርስ በርስ በሐቅ እንዲሠሩ የሚያስገድደውን) አለመቀበሉ ስህተት እንደሆነ፣ ሌሎች አገሮች ለምን እንደተቀበሉት፣ እንግሊዝም ለምን መቀበል እንዳለባት ዘርዝሬ ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ «እሱንማ አውቀሽዋል። ያወቅሽውን ነገር ለማወቅ አራት ዓመት መድከም ለምን አስፈለገሽ?» አሉኝ።

ቤቴ የገባሁት ተናድጄ ነው። ሰውዬው አቋሜን አልወደዱትም ብዬ ደመደምኩ። ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ የገባኝ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህን የምጽፈው አብራኝ ትሠራ የነበረች ወጣት ጠበቃ በቅርቡ ስለደወለችልኝ ነው። «ማስተማርና መመራመር እፈልጋለሁ። ፒኤችዲ ልጀምር ወይ?» አለችኝ። ስለ ማመልከቻው፣ ስለ ስኮላርሺፑ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫው ረጅም ሰዓት አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዋናው ነገር እንዳመለጠኝ ተሰማኝ። በሕግ የምርምር ዶክትሬት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የከበደኝ፣ ለዓመታት የሠለጠንኩበትን የማሸነፍ ልማድ ማስቀመጥ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በአሜሪካ ጄዲ የሚባለው ዲግሪ በስሙ ውስጥ «ዶክተር» የሚል ቃል አለ። ሥራው ግን ሰውን ለጥብቅና ማዘጋጀት ነው። ሦስት ዓመት ኮርስ ተወስዶ፣ ፈተና ተፈትኖ የሚጨረስ ዲግሪ ነው። የምርምር ዶክትሬት ሌላ ነገር ነው። በአብዛኛው ፒኤችዲ ይባላል። ኦክስፎርድ ዲፊል ይለዋል። ሃርቫርድ ኤስጄዲ፣ ዬልና ስታንፎርድ ደግሞ ጄኤስዲ ይሉታል። እነዚህ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ውስጥ በብዛት የሚገቡት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በሌላ አገር ያገኙና ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) የጨረሱ የሕግ ሰዎች ናቸው። ስሙ ይለያይ እንጂ መለኪያው ያው ነው። አንድ ረጅም ጽሑፍ ይጻፋል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በፊት ማንም ያላሳየው ነገር መገኘት አለበት። በብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የጽሑፉ ጣሪያ 100,000 ቃል ነው። ኮርስ ካለም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬውና ጥያቄው ብቻቸውን ይቀራሉ።

ዶክትሬትና ማስተማር ጥንትም አይለያዩም ነበር። ቃሉ ራሱ «ማስተማር» ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ቦሎኛ ውስጥ የሮማን ሕግ ያስተምሩ የነበሩት መምህራን የሕግ ዶክተሮች ይባሉ ነበር። በ1219 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ የሮማው ጳጳስ ሆኖሪየስ ሳልሳዊ ማንም ከቦሎኛው ሊቀ ዲያቆን ፈቃድ ሳያገኝ እንዳያስተምር ደነገጉ። እጩው የተሰጠውን የሕግ ክፍል ተርጉሞ ያስረዳል፤ ዶክተሮቹ ይሞግቱታል፤ ካለፈ ማስተማር ይፈቀድለታል። ስለዚህ «ማስተማር ስለምፈልግ ዶክትሬት ልማር» የሚለው ሐሳብ ስምንት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው።

ለማስተማር ዶክትሬት የግድ ነው ወይ ለሚለው ግን መልሱ እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጄዲና ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ይበቁ ነበር። አሁን እዚያም እየተለወጠ ነው። የሕግ ፋኩልቲዎች በኢኮኖሚክስ፣ በታሪክ ወይም በፍልስፍና ፒኤችዲ የጨመሩ ሰዎችን መፈለግ አብዝተዋል። ዬል በሕግ ራሱን የቻለ ፒኤችዲ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በ2013 ነው፤ የሚቀበለውም ጄዲ ያላቸውን ነው። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ዛሬ ያለ ዶክትሬት የመምህርነት ቦታ ማግኘት በጣም ይከብዳል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ዶክትሬቱ ብቻውን አይበቃም። ከእሱ በኋላ ሃቢሊታሲዮን የሚባል ሁለተኛ ትልቅ ሥራ አለ። ለዚህ ነው ጀርመን አገር ውስጥ በፕሮፌሰርነት ሳይሆን በጥብቅና የሚሠሩ ብዙ የሕግ ዶክተሮች የምታገኙት። ማክስ ዌበርን ሁላችንም በሶሲዮሎጂ እናውቀዋለን። የዶክትሬት ጽሑፉ ግን በ1889 ስለ መካከለኛው ዘመን የንግድ ሽርክናዎች የጻፈው የሕግ ታሪክ ነው። ሃቢሊታሲዮኑን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

የኤች ኤል ኤ ሃርትን ታሪክ በተለይ እወደዋለሁ። ሃርት ጠበቃ ነበር። ዶክትሬት አልነበረውም። በ1952 የኦክስፎርድ የሕግ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ። እሱ ራሱ ያልሠራውን ዶክትሬት ሌሎች እንዲሠሩ ረዳ፤ ከእነሱም አንዱ የሕግ ፈላስፋው ጆሴፍ ራዝ ነው። ራዝ በ1967 የጨረሰው የዶክትሬት ጽሑፍ በ1970 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። «ሃርት ያለ ዶክትሬት ፕሮፌሰር ሆኗል» እያሉ የሚጽናኑ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያ ዘመን አልፏል። ከሃርት የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ዓመታት በጥብቅና የቆየ ሰው ልማዱን ቀይሮ ጠያቂ መሆን ይችላል። ይህ እኔን በጣም አበርትቶኛል።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሌላ ፕሮፌሰር ፈልጌ ያንኑ ፕሮፖዛል ላስገባ አስቤ ነበር። ከዚያ እኚያው ሰውዬ በኢሜይል አንድ ሥራ ሰጡኝ። «አቋምሽን ለአንድ ወር አስቀምጪውና ሁለት ፍርዶችን ብቻ አንብቢ። ምን ብለው እንደወሰኑ አትጻፊልኝ። ዳኞቹ ምን እንዳስጨነቃቸው ጻፊልኝ።»

የመጀመሪያው ፍርድ በውል ሕግ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ከፎቶ ቤተ መዛግብት 47 የስላይድ ፎቶዎችን ያዝዛል። ፎቶዎቹ ከነመላኪያ ወረቀታቸው ይደርሳሉ። ወረቀቱ ላይ ከተጻፉት ግዴታዎች አንዱ በ14 ቀን ውስጥ ካልተመለሱ ለእያንዳንዱ ፎቶ በቀን 5 ፓውንድ ይከፈላል ይላል። ድርጅቱ ወረቀቱን ልብ ሳይለው ፎቶዎቹ ሁለት ሳምንት ያህል ዘገዩ። የመጣው ሂሳብ 3,783 ፓውንድ ከ50 ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ያህል ከባድና ያልተለመደ ግዴታ ለሌላው ወገን በግልጽ መነገር ነበረበት አለ። ሙሉውን ሂሳብ አልፈቀደም፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ በሳምንት 3 ፓውንድ ከ50 ብቻ እንዲከፈል ወሰነ።

ይህን ፍርድ ጠበቃ ሆኜ ምናልባት ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁልጊዜ የማነበው አንድ ነገር ፍለጋ ነበር። «ግዴታው በግልጽ አልተነገረም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አገኛለሁ፣ ገልብጬ አቤቱታዬ ውስጥ አስገባለሁ፣ እዘጋዋለሁ። በዚያ ወር ግን ቀስ ብዬ አነበብኩት። ዳኛው ቢንግሃም ፍርዳቸውን የጀመሩት ከእንግሊዝ ውጭ ስላሉ አገሮች በመናገር ነው። በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ተዋዋዮች በቅን ልቦና እንዲሠሩ የሚያስገድድ መርህ አለ ይላሉ። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ያለ መርህ አልያዘም፤ ነገር ግን የፍትሕ መጓደል ሲታይ ለየችግሩ ለየብቻ መፍትሔ ሲያበጅ ኖሯል ይላሉ። እዚህ ላይ ቆምኩ። ዳኛው ያንን ቃል ያውቁታል። የሚያመጣውን ውጤትም ይፈልጉታል። ቃሉን ግን አይጠቀሙበትም። ለምን?

ሁለተኛው ፍርድ የ1992 ነው። በአጋጣሚ እሱም ከፎቶ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚሸጠው ድርጅት ፎቶ አጣቢ ነበር። ሻጮቹ ከሌላ ገዢ ጋር መነጋገር እንደሚያቆሙ ተስማምተው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ድርጅቱን ለሌላ ሰው ሸጡት። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። መልሱ ቁርጥ ያለ ነበር። በድርድር ላይ ያሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥቅም የሚያስጠብቁ ተፋላሚዎች ናቸው፤ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ ከዚህ አቋማቸው ጋር በባሕርይው ይጋጫል ተባለ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ስለ ውል ተደራዳሪዎች ብቻ የተጻፈ አልመሰለኝም። እኔም ፕሮፖዛሌን የጻፍኩት በተፋላሚ አቋም ነበር። የሚጠቅመኝን ፍርድ አነሳለሁ፣ የሚጎዳኝን አሳንሼ አሳያለሁ። በችሎት ይህ ሥራዬ ነው። ደንበኛዬ ያን እንድሠራለት ነው የከፈለኝ። የሌላውን ወገን የሚናገር ሌላ ጠበቃ ስላለ፣ ዳኛም ስላለ፣ ሥርዓቱ ሚዛኑን ይጠብቃል። በምርምር ውስጥ ግን በተቃራኒ ወገን የሚቆም ሰው የለም። ራስሽ ካልቆምሽለት ያ ወገን ሳይሰማ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። «እንግሊዝ ቅን ልቦናን መቀበል አለባት» የሚለው ቀረ። በምትኩ «ዳኞች ቅን ልቦና የሚለውን ቃል አንጠቀምም ሲሉ በቃሉ ቦታ ምን ይሠራሉ? የሚሠሩትስ ቃሉ ከሚሠራው በምን ይለያል?» የሚል መጣ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያውን መልስ ከመጀመሬ በፊት አውቀዋለሁ። የሁለተኛውን አላውቀውም ነበር፤ ሳላውቀው ሦስት ዓመት ቆየሁ።

ለማነጻጸር ጀርመንን መረጥኩ። በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 242 ባለዕዳ ግዴታውን በቅን ልቦና እንዲፈጽም ያዛል። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመች ያየሁት በ1923ቱ የዋጋ ንረት ላይ ነው። ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ ባለዕዳዎች ከዓመታት በፊት በመያዣ የተበደሩትን በማይረባ ወረቀት ከፍለው መያዣው ይለቀቅልን ይሉ ነበር። በቁጥር ካየነው ከፍለዋል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 1923 አንቀጽ 242ን መሠረት አድርጎ ዕዳው እንደገና መተመን አለበት አለ። እንግሊዛዊው ዳኛ በየጉዳዩ ትናንሽ መፍትሔ ሲያበጅ፣ ጀርመናዊው ከአንድ ዐረፍተ ነገር ተነስቶ የአገር ኢኮኖሚ የሚነካ ፍርድ ሰጠ። ይህን ካነበብኩ በኋላ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በጣም አጭር ሆኖ ታየኝ። ለዳኛ ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት የሚያስፈራቸው ሰዎች የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ሥልጣኑ ባይኖር ኖሮ አበዳሪዎቹ ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር የሚሉም አላቸው። ሁለቱንም በቅንነት ማዳመጥ ነበረብኝ።

የምናነጻጽረው ሕግ ደግሞ ተቀምጦ አይጠብቀንም። እኔ የቆምኩበት መሬትም ሲንቀሳቀስ ነው የኖረው። በ2013 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ፣ ሌጋት፣ አንዳንድ ውሎች ውስጥ የቅን ልቦና ግዴታ በግልጽ ባይጻፍም ሊኖር ይችላል ብለው ጻፉ። በ2014 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅን ልቦናን የውል ሕግ አደራጅ መርህ ነው ብሎ፣ ውልን ሲፈጽሙ በሐቅ የመሥራት ግዴታን ዕውቅና ሰጠ። ፈረንሳይ በ2016 የውል ሕጓን ስታሻሽል ቅን ልቦና ከአፈጻጸም አልፎ ለድርድሩና ለአመሠራረቱም እንዲሠራ በግልጽ ደነገገች። ለጠበቃ እንዲህ ያለ ዜና ድል ወይም ሽንፈት ነው። እኔ ግን እየተለማመድኩ ስሄድ በየአዲሱ ፍርድ መደሰት ጀመርኩ፤ ወደየትም ያዘንብል፣ ጥያቄዬን ያሰፋልኛል።

አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጣልኩ። 18,000 ቃል ያህል ነበር። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ምዕራፍ ነበር፤ ዛሬም ሳነበው አላፍርበትም። ግን የድሮው ፕሮፖዛሌ ነበር፤ ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣ አቤቱታ። ፍርዶቹን የመረጥኳቸው መደምደሚያዬን እንዲደግፉ ነው። አማካሪዬ ምንም አላሉም፤ በእርሳስ ከአንድ አንቀጽ ጎን «ይህን የማይለው ፍርድ የታለ?» ብለው ጻፉ። ሄጄ ፈለግኩ። ነበር። አንድ ብቻም አልነበረም፣ ብዙ ነበሩ።

አማካሪ ስል እዚህ ላይ ለደወለችልኝ ልጅ የነገርኳትን ልድገም፤ ያንን ቢያንስ በትክክል ነግሬያታለሁ ብዬ አምናለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም ፈልጊ። የጻፉትን አንብቢ። አሁን አብረዋቸው የሚሠሩትን ተማሪዎች አግኝተሽ ጠይቂ። ረቂቅ ስትልኪላቸው ስንት ጊዜ ይወስድባቸዋል? አስተያየታቸው ጽሑፉን ያሻሽላል ወይስ ሰውን ያሸማቅቃል? ጡረታ ሊወጡ ነው? ሌላ ቦታ ሊሄዱ ነው? የጀመሩ ተማሪዎቻቸው ይጨርሳሉ? እኔ ያገኘኋቸው ሰው በየወሩ ይቀበሉኝ ነበር። ከስብሰባው በፊት የላክሁት ጽሑፍ ሁልጊዜ ተነብቦ ይጠብቀኛል። አንድ ጓደኛዬ ዝነኛ ስም ካለው ቦታ ገብታ አማካሪዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ነበር የምታገኘው። ጎበዝ ነበረች። አልጨረሰችም። እሷን ሳስብ አሁንም ልቤ ያዝናል።

ሌላው የማስታወሻ አያያዝ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰው ቃል የሰው፣ የራስሽ ቃል የራስሽ ሆኖ ተለይቶ ይቀመጥ። ገጹ፣ ዓመቱ፣ ሁሉም አብሮ ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ዐረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው ማስታወስ አይቻልም። በ2011 የጀርመኑ መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በሕግ ያገኘው ዶክትሬት ውስጥ ምንጫቸው ያልተጠቀሰ የሌሎች ሰዎች ጽሑፎች ተገኝተው የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ነጠቀው፤ ከሥልጣኑም ለቀቀ። ያን ዜና የሰማን የሕግ ሰዎች ሁላችንም የየራሳችንን ፋይል ከፍተን ያየን ይመስለኛል።

በጥብቅና ሙያ ውስጥ ደግሞ መዋስ የተለመደ ነው። ባልደረባህ የጻፈውን ውል ወስደህ ስሙን ቀይረህ ትጠቀምበታለህ፤ ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። ወደ ምርምር ስትመጣ ይህ ልማድ በአንድ ቀን መቆም አለበት። ይህን ማንም በግልጽ አይነግርህም።

ስለ ብቸኝነቱ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። አለ፤ እውነት ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ይብሳል። ቢሮ ሳለሁ በየሳምንቱ የሚዘጋ መዝገብ ነበረኝ። እዚህ ምንም የሚዘጋ ነገር የለም። እኔን የረዳኝ ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር በየሳምንቱ ተገናኝቶ አንዳችን የጻፍነውን አምስት ገጽ ማንበብ ነበር። ከአራታችን ሁለቱ በሕግ እንኳ አልነበሩም። ሕግ የማያውቅ ሰው «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሕግ ቋንቋችን ስንት ነገር እንደሚደብቅ ይታያል።

ስለ ማሳተም ደግሞ ጥቂት። የአሜሪካ የሕግ ጆርናሎችን በአብዛኛው የሚያዘጋጁት የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለብዙ ጆርናሎች መላክ ይፈቀዳል። በሌላው ዓለም በብዛት ያለው የአቻ ግምገማ ነው። ለአንዱ ትልካለህ፣ ማንነታቸውን የማታውቃቸው ሁለት ሰዎች ያነቡታል፣ ወራት ትጠብቃለህ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ሰባት ወር ቆይቶ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ አራት ገጽ ጽፎልኝ ነበር። በመጀመሪያ ስድብ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ካስቀመጥኩት በኋላ ሳነበው ግን ሰውዬው ወይም ሴትየዋ ከእኔ ጽሑፍ ጋር አንድ ሙሉ ቀን እንዳሳለፉ ገባኝ። ማንነታቸው ሳይታወቅ፣ ሳይከፈላቸው። ያንን ልግስና አልረሳውም። ዛሬ እኔም ስገመግም አራት ገጽ ለመጻፍ የምሞክረው ለዚህ ነው።

ሥራውን በተመለከተ ሐቁ ይነገር። ዶክትሬት ሥራ አይሰጥም። ብዙ ቦታ ቋሚ ቅጥር ከመገኘቱ በፊት የአንድ ዓመት ኮንትራት፣ የሁለት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ቦታ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር አለ። ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር መመካከር አለበት። እኔ ቋሚ ቦታ ያገኘሁት ከጨረስኩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከጥብቅና ገቢዬ ጋር ሳነጻጽረው ዛሬም ያነሰ ነው። «ዶክተር» መባልን ብቻ ፈልጎ ለሚገባ ሰው ይህ ሁሉ አያዋጣም፤ ይህን በቅንነት ነው የምናገረው። ጠዋት ተነስቶ ካልተፈታ ነገር ጋር መቀመጥ የሚያስደስተው ሰው ግን ድካሙን ይችለዋል።

የመጨረሻው ፈተናም እንደየቦታው ነው። ስዊድን ውስጥ እጩዋ ከዲፌንሱ (ጽሑፏን በቃል ከምትከላከልበት ፈተና) ሳምንታት አስቀድማ ጽሑፏን ግድግዳ ላይ በምስማር ትመታለች፤ ማንም መጥቶ እንዲያነበውና እንዲሞግታት ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ጥያቄው ይቀጥላል፤ ሰዓቱ ሲሞላ የሥነ ሥርዓቱ ኃላፊ በትር ይዛ ገብታ በላቲን «ሰዓቱ ደርሷል» ትላለች፤ ያኔ ሁሉም ያቆማል። የእኔ በእንግሊዙ ዓይነት ነበር። ዝግ ክፍል፣ ሁለት ፈታኞች፣ አንድ ማሰሮ ውሃ።

ችሎት እንደምገባ ሆኜ ነበር የተዘጋጀሁት። ሊጠየቅ ይችላል ያልኩትን ሁሉ በካርድ ጽፌያለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆየን። ከመሃል አንዷ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው «የትኛው ፍርድ ቢወጣ ይህ መደምደሚያሽ ይፈርሳል?» ብለው ጠየቁኝ። ካርዶቼ ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም። መልሱን ግን አውቀው ነበር። አማካሪዬ በእርሳስ ጎኑ ላይ ከጻፉበት ቀን ጀምሮ ስፈልገው የኖርኩት ነገር ነው። ሦስት ዓይነት ፍርዶች ጠቀስኩላቸው። አንዱ በእርግጥም ተሰጥቶ እንደነበርና የመጨረሻውን ምዕራፍ ያሻሻልኩት በእሱ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ውጤቱ ከትንሽ እርማት ጋር ማለፍ ነበር። ሦስት ወር ተሰጠኝ። ከእርማቶቹ አንዱ «ያንን ለፈታኞች የተናገርሽውን መግቢያው ውስጥ ጻፊው» ይላል። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከጽሑፉ ሁሉ በቀላሉ የጻፍኩት እሱን ነው።

አሥራ ሁለት ገጿ ፕሮፖዛል አሁንም አለችኝ። የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ የፕሮፌሰሩ እጅ ጽሑፍ አለ። ትናንት ስካን አድርጌ ለደወለችልኝ ልጅ ላክሁላት፤ የእሷንም ረቂቅ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ማታ ላይ መለሰችልኝ። «አነበብኳት። የእኔም አቤቱታ ነው መሰለኝ። ቅዳሜ እንገናኝ?» ይላል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ተቀጣጥረናል።